በትምህርት ቤትዎ ግድግዳ ላይ መስታወት ሲሰቅሉ

ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ቢሄዱ የአጸደ ሕፃናት አጥር ላይ ሚኪ ማውስን ማግኘት አይከብድም። ቀለሙ በሁለት ክረምት ይላጣል፤ በሦስተኛው አንድ ጆሮው ከልስኑ ጋር ይወድቃል፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቀለም ቀቢ ተጠርቶ ያንኑ አይጥ እንደገና ይሥለዋል። ይህ መመላለስ የሰለቸዎት ርእሰ መምህር፣ የሥዕል መምህር ወይም የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ሕብረት አባል ከሆኑ ይህ መመሪያ ለእርስዎ ነው። የሚያወራው ስለ ታተመ መስታወት ነው፦ ሥዕሉ በመስታወቱ ጀርባ ወይም በሁለት መስታወቶች መካከል ታትሞ ከፊት ለፊት የሚታይበት የግድግዳ ሥራ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከማተሚያ ቤት ነው። ሄዶ ዋጋ ይጠይቃል፤ ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ ካሉት ሥዕሎች ያሳየዋል፤ ከነዚያ አንዱን መርጦ ይመለሳል። ውጤቱ ያው ሚኪ ማውስ ነው፣ አሁን ግን በመስታወት፣ በብዙ እጥፍ ዋጋ። ማተሚያ ቤቱ መጨረሻ አካባቢ የሚንኳኳ በር ይሁን። መጀመሪያ ግድግዳው፣ ቀጥሎ ሥዕሉ፣ ከዚያ መስታወቱ።

አስቀድመው አይተው ይምጡ

ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት አንድ ቀን አዲስ አበባ ይውረዱ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ዳግመኛ ተከፍቷል፤ ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ ጉብኝቱን አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። እዚያ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ በሦስት ክፍል ያለፈውን፣ የዘመኑንና የመጪውን አፍሪካ ያሳያል። ያ ካልተመቸዎት አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ገብተው መስኮቶቹን ይመልከቱ።

እነዚህ ሥራዎች የታተሙ አይደሉም። ቀለም ያላቸው የመስታወት ቁርጥራጮች እየተገጣጠሙ የተሠሩ ናቸው፣ ጥበባቸውም ዋጋቸውም ሌላ ነው። ግን የሚያስተምሩት ነገር አለ። ሰዓሊው ቅርጾቹን ትልልቅ አድርጎ፣ በጉልህ መስመር ከፋፍሎ፣ ከሩቅ ለሚያይ ዓይን እንዴት እንዳዘጋጃቸው ያስተውሉ። መስታወት ላይ ጥቃቅን ነገር አያምርም፤ ትልቅ ቅርጽና ጥቂት ቀለም ያምርበታል። ከቻሉ ቤተ ክርስቲያኑን ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ ይግቡ። ያው መስኮት ሁለት ሥዕል ሆኖ ያገኙታል።

ግድግዳውን አንድ ሳምንት ይጠብቁት

ወደ ግቢዎ ሲመለሱ ወንበር ይውሰዱና ባሰቡት ግድግዳ ፊት ይቀመጡ፤ ጠዋት፣ በእረፍት ሰዓት፣ ተማሪ ሲወጣ። ፀሐዩ ከየት መጥቶ የት ይደርሳል? ልጆቹ በዚያ በኩል ይሮጣሉ? ኳስ ሜዳው በየትኛው ወገን ነው? የጣራው ውኃ የት ይፈስሳል?

ስለ ፀሐይ ትንሽ ልበል፣ ብዙ ገንዘብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። በእኛ ሰማይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ። ስለዚህ ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ በጋውን ሙሉ፣ ደመና በሌለበት ወራት፣ ፀሐይ ይመታዋል። ወደ ሰሜን የዞረው ግን ፀሐይ የሚያገኘው በአብዛኛው ክረምት ላይ ነው፣ ደመናውም ይከልልለታል። ተራ ቀለም የሚጠቀም ህትመት ከመረጡ የሰሜኑ ግድግዳ ዕድሜ ይጨምርልዎታል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር በላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የፀሐይዋ ቀለም አጥፊ ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታል። ቀኑ ቀዝቃዛ ነው ብለው አይዘናጉ።

ቀጥሎ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ያንኳኩት። የድሮዎቹ ክፍሎች ጭቃ ቤት ከሆኑ መስታወት አይሰቀልባቸውም፤ እዚያ ላይ ክርክር አያስፈልግም። ብሎኬት ከሆነ ሆዱ ባዶ ነው፣ ፊሸርና ቡሎን ሲጠብቅ ልጣጩን ሰብሮ ይወጣል። ስለዚህ ጭነቱ የሚያርፈው በኮንክሪት ኮለኑ ወይም በማሰሪያው ቢም ላይ መሆን አለበት። ሁለቱም ባሰቡት ቦታ ከሌሉ የሚሻለው መፍትሔ ግድግዳውን መተው ነው፦ መሠረቱ ኮንክሪት የሆነ ራሱን ችሎ የሚቆም የብረት ፍሬም በአርኤችኤስ፣ ማለትም ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ፣ አሠርተው ከግድግዳው ፊት ያቁሙት። ቡራዩ ላይ ብዙ ግቢ ተዳፋት ነው፤ እንዲህ ያለው ቋሚ ፍሬም በደረጃ ላይ ተስተካክሎ ሲቆም ከግድግዳ ሥዕል በላይ ያምራል፤ ከኋላው ብርሃን ስለሚያገኝም ሁለት ፊት ይኖረዋል።

ፈቃዱን በዚሁ ሰሞን ይጨርሱ። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ግቢው የመንግሥት ከሆነ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጻፉና ማኅተም ያለበት መልስ ይያዙ። በቃል የተፈቀደ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ሥዕሉ ከግቢው ይውጣ

ልጆችን «ቆንጆ ሥዕል ሣሉ» ካሏቸው ባንዲራ፣ አበባና ቤት ይሥላሉ። ጥያቄው ጠበብ ይበል፦ «ዛሬ ጠዋት ስትመጡ ያለፋችሁትን አንድ ነገር ሣሉ።» ያኔ ባጃጁ ይመጣል፣ የድንጋይ ጠራቢው ይመጣል፣ ውኃ የጫነችው አህያ ትመጣለች።

አካባቢው ራሱ የሚያቀብለው ብዙ ነው። ሰበታ የአዲስ አበባ ጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻ ናት፤ ከበላይዋ የወጨጫ ተራራ አለ፣ በተራራው ጥግም የመናገሻ ሱባ ደን፣ ከነጽዱና ከነጉሬዛው። ትውፊቱ ደኑን ያስተከሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይላል፤ የጽዱ ዘር ከወፍ ዋሻ እንደመጣም ይነገራል። ይህ ብቻውን ለስድስት መስታወት የሚበቃ ታሪክ ነው። ቡራዩ ገፈርሳ አላት፤ አዲስ አበባ ለዘመናት የጠጣችው ውኃ፣ በዳርቻውም ከኢትዮጵያ ምድር ውጪ የማይኖረው ባለሰማያዊ ክንፉ ዝይ። ሱሉልታ ሜዳውን ትሰጣለች፦ በመስከረም አደይ አበባ፣ በጥቅምትና በኅዳር የገብስ ማሳና የድርቆሽ ክምር፣ ጎህ ሲቀድ በጭጋግ ውስጥ የሚያልፉ ሯጮች።

ከልጆቹ ሥዕሎች መካከል ሲመርጡ «ጎበዝ ሠዓሊ» የተባለውን ልጅ ብቻ አይፈልጉ። መስታወት ላይ ጎልቶ የሚወጣው መስመሩ ደፋር የሆነ ሥዕል ነው፣ አንዳንዴም ከሁሉ ታናሽ የሆነችው ልጅ የሣለችው። ከዚያ አንድ ሰዓሊ፣ ለምሳሌ ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት፣ የተመረጡትን አዋህዶ አንድ ድርሰት ያድርጋቸው። የሰዓሊው ድርሻ ማቀነባበር መሆኑን በውሉ ላይ ያስፍሩ፤ የልጆቹን መስመር «እንዲያስተካክል» አይደለም።

ከኢንተርኔት ሥዕል አውርደው አይጠቀሙ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥዕል ባለቤት አለው፣ የልጅም ቢሆን። የልጆቹን ስም በመስታወቱ ጥግ ለማስፈር ካሰቡ ከወላጆቻቸው የጽሑፍ ፈቃድ ይውሰዱ፤ የመጀመሪያ ስም ብቻ ይበቃል።

ጽሑፍ ይነስ። ካስፈለገ ግን በግቢው የሚማሩባቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይኑሩበት። የአፋን ኦሮሞውን የቋንቋው መምህር ፊደል በፊደል ያንብበው፤ አንዲት ፊደል ተደግማ ስትጻፍና ሳትደገም ቃሉ ሌላ ይሆናል፣ መስታወት ላይ ደግሞ ላጲስ የለም።

ፋይሉን ያዘጋጁ

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው በትክክለኛው መጠን 100 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 100 ነጥብ፣ ይበቃል። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ሥዕል በዚህ ልክ 7,874 በ3,937 ፒክስል ይሆናል። የስልክ ፎቶ ይህን በንጽሕና አይሰጥም፣ ስካነር ግን ይሰጣል። በኤፎር ወረቀት የተሣለ ሥዕል በ600 ዲፒአይ ስካን ተደርጎ ስድስት እጥፍ ቢያድግ 1.26 በ1.78 ሜትር ይወጣዋል፣ ጥራቱም 100 ዲፒአይ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ልጆቹ በእርሳስ ሳይሆን በወፍራም ማርከርና በሰም ቀለም ይሣሉ። የእርሳስ ጭረት ስድስት እጥፍ ሲያድግ አቧራ ይመስላል።

የግዕዝ ፊደልን በተመለከተ፦ ጽሑፉ በፓወር ግዕዝ ተጽፎ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ከሌለ፣ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ፊደላት ቅልቅል ወይም ባዶ ሣጥን ነው። ዲዛይነሩ ጽሑፉን በሙሉ ወደ ከርቭ ቀይሮ ይላክ፤ ያኔ ፊደል መሆኑ ቀርቶ ቅርጽ ይሆናል፣ የትም ሲከፈት አይለወጥም።

ሌላው የግራና ቀኙ ጉዳይ ነው። ህትመቱ በጀርባ ስለሚሆን ፋይሉ ተገልብጦ፣ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ፣ መታተም አለበት። ዲዛይነሩ ገልብጦ ይልካል፣ አታሚውም በልማዱ ይገለብጣል፤ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ተመልሶ ቀና ነው፣ ከፊት ሲታይም ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። አንድ ጊዜ እኔም በዚህ ተይዣለሁ። መስታወቱ ከተሰቀለ በኋላ ያየችው የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ «ፊደሉ ጀርባውን ሰጥቶናል» አለችን። ፋይሉ ላይ «ያልተገለበጠ፣ አታሚው ይገልብጥ» ብለው በአማርኛ ይጻፉበት፣ የሚታየውን ገጽታም በወረቀት አትመው ያያይዙ።

አንድ ትልቅ መስታወት ከማሠራት ይልቅ ሥዕሉን ይከፋፍሉት። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 80 በ100 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት መስታወቶች፣ ሦስት በሁለት ተደርድረው፣ 2.4 በ2 ሜትር ይሸፍናሉ። አንዱ ቢሰበር አንዱን ብቻ ያሠራሉ፤ ሁለት ሰዎችም ያለ ክሬን ያነሱታል። መጋጠሚያው መስመር በሰው ፊት መካከል፣ በዓይን ወይም በጽሑፍ ላይ እንዳያልፍ ሥዕሉ ከመጀመሪያው በዚያ ልክ ይቀነባበር።

መስታወቱ

ለመስኮት የሚገባው ተራ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሲሰበር እንደ ቢላ ነው። ሁለት ምርጫ አለዎት። ቴምፐርድ የሚባለው ከ600 ዲግሪ በላይ ግሎ በንፋስ በፍጥነት የቀዘቀዘ ነው፤ ሲሰበር እንደ ጨው እንክብል ይበታተናል። ላሚኔትድ ደግሞ ሁለት መስታወት በመካከሉ ባለ ስስ ፕላስቲክ የተጣበቀ ነው፤ ሲሰበር ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም፣ ሥዕሉም እስኪቀየር ድረስ ከነስንጥቁ ይቆያል። ልጆች በሚሮጡበት ግቢ እኔ የምመርጠው ሁለቱንም ነው፦ ሁለት ባለ 4 ሚሊ ቴምፐርድ ላሚኔት ተደርጎ፣ ህትመቱ በውስጥ በኩል ሆኖ። ያኔ ቀለሙን ጥፍርም፣ ዝናብም፣ ጨርቅም አይነካውም። ቴምፐር ያልተደረገ መስታወት ላይ ጠቆር ያለ ቀለም ማተም ሌላም አደጋ አለው። የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ያደረበት መስታወት ረፋዱ ላይ ጥቁሩ ክፍል ብቻ ሲግል፣ ማንም ሳይነካው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ክብደቱን ይቁጠሩ። መስታወት በአንድ ካሬ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል። አራት ሲደመር አራት ስምንት ሚሊ ነው፤ በካሬ ሜትር 20 ኪሎ። 80 በ100 የሆነው አንዱ ክፍል 16 ኪሎ፣ ስድስቱ በጠቅላላ 96 ኪሎ ይሆናሉ። ብረት ሠራተኛው ፍሬሙን የሚሠራው ይህን ቁጥር ይዞ ነው።

ቴምፐርድ ከሆነ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ልኩ፣ የቡሎን ቀዳዳው፣ የጠርዙ ሙረዳ ሁሉ ከምድጃው በፊት ያልቃል። ስለዚህ ፍሬሙን አስቀድመው ያሠሩ፣ ከዚያ ፍሬሙን ለክተው መስታወቱን ይዘዙ። በወረቀት ላይ ባለው ልክ አይተማመኑ። ቴምፐርድ ነው ተብሎ የመጣው በእውነት ቴምፐርድ መሆኑን ለማወቅ ጥግ ላይ ያለውን ማኅተም ይፈልጉ፤ ደግሞም ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር አድርገው በመስታወቱ ላይ የሰማዩን ነጸብራቅ ሲያዩ ጠቃጠቆ ወይም ዥንጉርጉር ጥላ ይታያል። ተራው መስታወት ያ ጥላ የለውም።

አሁን ወደ ማተሚያ ቤት

ሦስት ዓይነት ህትመት ይቀርብልዎታል፣ ዋጋቸውም ዕድሜያቸውም አይገናኝም። በጣም የሚቆየው የሴራሚክ ቀለም ነው፤ በምድጃው ውስጥ ከመስታወቱ ጋር አብሮ ስለሚቀልጥ የመስታወቱ አካል ይሆናል። በየሠፈሩ የሚገኝ ሥራ አይደለም፣ ግን ቴምፐር የሚያደርጉ ቤቶችን አስቀድመው ይጠይቁ። ሁለተኛው በዩቪ ማሽን በቀጥታ መስታወቱ ላይ የሚታተመው ነው፤ የማስታወቂያ ሥራ ቤቶች የሚያውቁት ይህንን ነው። ጥሩ ነው፣ ግን መያዙ በቅድመ ቅባቱና በመስታወቱ ንጽሕና ላይ ይመሠረታል። ሦስተኛው በስቲከር ታትሞ ከጀርባ የሚለጠፈው ነው። ርካሽ ነው፣ ውጭ ላይ ጥቂት ዓመታት ይቆያል፣ ከዚያ ጠርዙ ይነሳል። ለመማሪያ ክፍል ውስጥ ወይም ለበረንዳ ጥላ አልጠላውም። ውጭ ለሚሰቀል ግን አይግዙት።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ከቀለሙ ጀርባ ነጭ ሽፋን ይታተምበት፤ አለበለዚያ የልስኑ ግራጫ ቀለሙን ይውጠዋል። ብርሃን ከኋላ የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ ነጩ ይቅር ወይም ይሳሳ። ገፈርሳ ወይም የሱሉልታ ረግረግ አጠገብ ሆነው ብርሃን የሚያሳልፍ ቋሚ መስታወት ካቆሙ፣ ወፎች ክፍት ሰማይ መስሏቸው ይጋጩበታል። በቅርጾቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከ5 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ነጠብጣብ ወይም ቅጠል ይበትኑበት።

ሙሉውን ከማሳተምዎ በፊት 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ናሙና ከፍለው ያሠሩ። ለናሙናው የሚከፍሉት ከሁሉ የሚጠቅምዎት ወጪ ነው። ህትመቱ በአንዱ ፊት ያለ ከሆነ በምላጭ ቁመትና አግድም ይጫሩት፣ ስኮች ለጥፈው በኃይል ይንቀሉት፤ ቀለሙ ከስኮቹ ጋር ከመጣ ሥራው አልያዘም። ላሚኔትድ ከሆነ አንድ ሳምንት ባልዲ ውኃ ውስጥ ያኑሩት፤ በጠርዙ በኩል ጭጋግ ወይም አረፋ ከገባ ክረምቱን አይሻገርም።

ፕሮፎርማ ከሦስት ቤት ይሰብስቡ። ግን ሦስቱም ስለ አንድ ነገር ዋጋ እየሰጡ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ውፍረቱ፣ የህትመቱ ዓይነት፣ የጠርዙ ሙረዳ፣ ማጓጓዣው፣ ገጠማው ተዘርዝሮ ይጻፍ። «የታተመ መስታወት 4.8 ካሬ» ብለው ከጠየቁ ርካሹ ሁልጊዜ ስቲከሩ ነው። አዲስ ሕንፃ እየተሠራ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉን ከመጀመሪያው በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገቡት። ፈረንሳዮች ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከትምህርት ተቋማት ግንባታ ወጪ አንድ በመቶውን ለሥነ ጥበብ የሚያውሉበት ደንብ አላቸው። እኛ ዘንድ በኋላ በመዋጮ ከመለመን ያ መንገድ ይቀላል።

በጣት የሚታይ ሥዕል

ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ ይህን ክፍል አሳጥሬ አላልፈውም። የሕዝብ ሥዕል ሲባል ሁሉም የሚያይ ይመስለናል። መስታወት ግን ከግድግዳ ቀለም የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፣ በእጅ ይነበባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሥዕሉ ዋና ዋና መስመሮች በሳንድ ብላስት፣ ማለትም በአሸዋ ንፊት፣ ከፊት ለፊት በኩል አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ጠልቀው ይቆፈራሉ። ይህም ከቴምፐሩ በፊት ያልቃል፣ ጥልቀቱንም ምድጃው ያለው ቤት አስቀድሞ ይወቀው። ጣት ለስላሳውንና ሻካራውን ይለያል፤ ሰማዩ ለስላሳ፣ ምድሩ ሻካራ፣ የባቡሩ ሐዲድ ሁለት ጥልቅ መስመር ይሆናል። ለብሬል ጽሑፉ የዩቪ ማሽኑ ግልጽ ቫርኒሽ ደርቦ ደርቦ ነጥብ መሥራት ይችላል፤ ነጥቡ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ በነጥብና በነጥብ መካከል ያለው ርቀት 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ከዚያ ቢሰፋ ጣት በአንድ ጊዜ አያነበውም። ነጥቡ የሚታተመው በውጪኛው ፊት ስለሆነ ያልቃል፣ ይላጣል። ስለዚህ ብሬሉን በዋናው መስታወት ላይ ከማድረግ በትንሽ የተለየ ሰሌዳ አድርገው ከሥሩ ይግጠሙት፤ ሲያልቅ ሰሌዳው ብቻ ይቀየራል።

በእጅ የሚነበበው ክፍል ከመሬት ከ70 እስከ 140 ሴንቲ ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ ይሁን፤ ትንሿም ልጅ ትደርስበታለች፣ ትልቁም አያጎነብስም። ጠርዝ ሁሉ በሙረዳ ይለስልስ፣ የቡሎን ራስ አይውጣ። ጥቂት ማየት ለሚችሉት ደግሞ ቢጫ በጥቁር ላይ፣ ነጭ በደማቅ ሰማያዊ ላይ ይሠራል፤ ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ከሆኑ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል።

ሥዕሉ ከመቆፈሩ በፊት በወፍራም ካርቶን ቆርጠው፣ አንዱን በሌላው ላይ ለጥፈው ሞዴል ይሥሩና ለማያዩ ተማሪዎች ይስጡ። ምን እንደሆነ አይንገሯቸው። «ዛፍ» ካሉ ዛፍ ነው። «እጅ ነው» ካሉ እንደገና ይሣሉት። ዓይን የሚወደው የርቀት አሳሳል፣ ከኋላ ያለው ከፊቱ ባለው የተሸፈነበት፣ በጣት ትርጉም የለውም። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው፣ ሙሉ ቅርጹን ይዞ፣ በመካከል ጣት የሚያልፍበት ክፍተት ኖሮት ይቀመጥ። የሚገርመው፣ እንዲህ የተቀናበረ ሥዕል ለሚያዩትም ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

ገጠማው

የሚሻለው ጊዜ የመንፈቁ እረፍት ነው፣ ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት መጀመሪያ፤ ልጆች የሉም፣ ሲልከኑም በደረቅ ግድግዳ ላይ ይይዛል። በክረምቱ እረፍት ግቢው ባዶ ነው ብለው ነሐሴ ላይ አይግጠሙ። እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ሲልከን መስከረም ሲጠባ ይላቀቃል፣ የሱሉልታ በረዶም ያልጠበቀ ሥራ ላይ አይራራም።

ሲጓጓዝ መስታወቱ በጠርዙ ይቁም፣ አይተኛ። አይሱዙው ላይ በእንጨት መደገፊያ ዘንበል ብሎ፣ በመካከሉ ካርቶን ገብቶ ይታሰር። ተኝቶ የተጫነ መስታወት በመጀመሪያው የኮረኮንች ጉድጓድ ከመሃሉ ይሰበራል።

ፍሬሙ ውስጥ መስታወት ብረትን ፈጽሞ አይንካ። ከታች በኩል ሁለት የጎማ መቀመጫ፣ ከእያንዳንዱ ጥግ የስፋቱን ሩብ ያህል ገባ ብለው ይቀመጡ፤ በዙሪያው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው። መስታወትና ብረት ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፣ ክፍተቱ ለዚያ ነው። በፍሬሙ የታች አግዳሚ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ይበሳ፣ የገባው ውኃ እንዲወጣ። ላሚኔትድ መስታወት ውኃ ውስጥ ጠርዙን ነክሮ ከቆመ ዓመት ሳይሞላው ጠርዙ ነጭ ይለብሳል። ሲልከኑ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ዓይነት አይሁን፤ ያ የላሚኔቱን መካከል ይጎዳል። ሽታ የሌለውን፣ ኒውትራል የሚባለውን፣ ቱቦው ላይ አንብበው ይግዙ። ገጣሚው «ያው ነው» ይልዎታል። ያው አይደለም።

በግድግዳውና በመስታወቱ ጀርባ መካከልም ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አየር ይተዉ፤ የግድግዳው እርጥበት ወደ ህትመቱ አይተላለፍም።

ከተሰቀለ በኋላ

የጽዳት ሠራተኛዋን የገጠማው ቀን ይጥሯትና አብራችሁ እጠቡት። መጀመሪያ ብዙ ውኃ ይፈስስበታል፣ አቧራው በራሱ እንዲወርድ፤ ከዚያ ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና። በደረቅ ጨርቅ አቧራ መጥረግ በአሸዋ መፋቅ ነው። በግቢው ውስጥ ግንባታ ሲጀመር መስታወቱ በላስቲክ ይሸፈን፤ የተረጨ ሲሚንቶ መስታወትን ይበላል፣ ከደረቀ በኋላ ምልክቱ አይለቅም። የፈተና ፕሮግራምና የስብሰባ ማስታወቂያ በስኮች እንዳይለጠፍበት አጠገቡ የማስታወቂያ ሰሌዳ ያድርጉ፤ ሰሌዳ ከሌለ መለጠፋቸው አይቀርም።

ፋይሉን በሁለት ፍላሽ ያስቀምጡ፣ አንዱ ርእሰ መምህሩ ቢሮ፣ አንዱ ከግቢው ውጪ። ከፍላሹ ጋር አንድ ወረቀት ይኑር፦ የመስታወቱ ልክና ውፍረት፣ የህትመቱ ዓይነት፣ የሲልከኑ ስም፣ የታተመበት ቀን፣ የእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ከላይ ከግራ ጀምሮ። ኳስ አራተኛውን ክፍል ሲያገኘው፣ አንድ ቀን ማግኘቱ አይቀርምና፣ የሚቀጥለው ርእሰ መምህር አራተኛውን ብቻ ያሳትማል።